የቤታችን ሊኑክስ ጌትዌይ ላይ ዲያል አፕ ተንቀራፈፈ፤ ችግሩ መስመሩ ነው ወይስ ማሽኑ?

ቀበና | ነሐሴ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀበና ነው። ቤታችን ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእህቴ፣ አንዱ የአባቴ። ሦስቱንም በአንድ የስልክ መስመር እየደወለ (ዲያል አፕ የሚባለው ይህ ነው) ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣቸው ጌትዌይ፣ ዴቢያን 3.1 የሚባለውን ሊኑክስ የጫንኩበት አሮጌ ፔንቲየም ነው። ሜሞሪው 64 ሜጋባይት ነው። ሞደሙ 56 ኬ የሚባለው፣ ከማሽኑ ውጭ የሚቀመጥና በሲሪያል ወደብ የሚገናኝ ነው። ፒፒፒዲ የሚባለው ፕሮግራም ይደውላል፣ አይፒቴብልስ የሚባለው ደግሞ ግንኙነቱን ለሦስቱ ያካፍላል።

እስከ ግንቦት ድረስ ፈጣን ባይባልም ያሠራ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን እየተንቀራፈፈ መጥቶ ኢሜይል መክፈት እንኳን ፈተና ሆኗል። የማየው ይህን ነው፤ አንድ ገጽ ስከፍት ለጥቂት ሴኮንድ ምንም አይመጣም፣ ከዚያ ድንገት መምጣት ይጀምራል፣ መሃል ላይ ደግሞ ቀጥ ይላል። በፒንግ (ትንሽ የዳታ ጥቅል፣ ማለትም ፓኬት ልኮ መልሱ የሚፈጀውን ጊዜ በሚቆጥረው) ስለካው አንዳንዱ ፓኬት በ200 ሚሊሴኮንድ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ከ6000 ያልፋል። እህቴ ፎቶግራፍ መላክ ከጀመረች እኔና አባቴ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ማሽኑ ሲደውል የሚጽፈው መዝገብ ላይ ግን ሁልጊዜ «ኮኔክት 115200» ይላል።

ሂሳቡ በደቂቃ ስለሚቆጠር የቆመው ጊዜ ሁሉ ይከፈልበታል። አባቴ ውጭ ካሉት ወንድሞቼ ጋር የሚጻጻፈው በዚሁ መስመር ስለሆነ እንዲሁ የምተወው ነገር አይደለም። ከየት ልጀምር?

ፔንጉዊን | ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድም ቀበና፣ መጀመሪያ ያንን 115200 እርሳው። ኮምፒውተርህና ሞደሙ በሲሪያል ገመዱ ላይ የሚነጋገሩበት ፍጥነት ነው እንጂ በስልክ ሽቦው ላይ የሚሄደው አይደለም። መስመርህ ወደ 14 ሺህ ቢወርድም መዝገቡ 115200 ማለቱን አይተውም። እውነተኛውን ቁጥር ለማየት ከመደወያው ትዕዛዝ በፊት ለሞደሙ «ኤቲ ደብልዩ2» ላክለት። አብዛኞቹ የሮክዌልና የኮኔክሳንት ቺፕ ያላቸው ሞደሞች ከዚያ በኋላ የሚነግሩህ ከወዲያኛው ሞደም ጋር የተስማሙበትን ፍጥነት ነው።

ቁጥሩን ስታገኝ መጠኑን ብቻ አትይ፤ የምን ብዜት እንደሆነ አስላ። ቪ.34 በሚባለው የሞደሞች መነጋገሪያ ደረጃ የሚገናኝ ሞደም ፍጥነቱን በ2400 እያሳደገ ይሄዳል፤ 24000፣ 26400፣ 28800፣ 31200፣ 33600፣ እዚያ ላይ ያበቃል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ፈጣኑ ደረጃ ቪ.90 ግን በ1333 ገደማ ነው የሚራመደው፤ 28000፣ 29333፣ እያለ 44000፣ 49333፣ 52000 ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ከ33600 ሳያልፍ በ2400 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሞደምህ ቪ.90ን ሞክሮ አልሆን ብሎታል፣ ወይም ጭራሽ አልሞከረም ማለት ነው። ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ግምት ያስቀርልሃል።

ሁለት ነገር ጨምረህ ላክልን። አንደኛ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለሞደሙ ትዕዛዝ በሚጻፍበት በሚኒኮም ፕሮግራም ገብተህ «ኤቲ&ቪ1» በል፤ ያለፈው ግንኙነት እንዴት እንደነበረና በምን ምክንያት እንደተቋረጠ ይዘረዝርልሃል። ሁለተኛ፣ በፕሮክ ማውጫ ውስጥ በቲቲዋይ፣ በድራይቨር ሥር ያለውን «ሲሪያል» የሚለውን ፋይል አንብብ። እዚያ «ኦኢ» የሚል ቆጣሪ ካየህና እያደገ ከሄደ፣ የመጣው ባይት ሳይነበብ ሌላው ላዩ ላይ እየተጻፈበት ነው። የሲሪያል ቺፑ 16550ኤ ከሆነ 16 ባይት የሚይዝ መጠባበቂያ አለው። የቆየው 8250 ወይም 16450 ከሆነ ግን አንድ ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ በ115200 ፍጥነት አንድ ባይት በ87 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ስለሚደርስ አሮጌ ማሽን ሃርድ ዲስኩን ሲያነብ መዘግየቱ አይቀርም።

ተማሪው | ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 2፡40

ዴቢያኑን አጥፍተህ አዲሱን ኡቡንቱ 6.06 ብትጭን አይሻልም? ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) አዲስ ነው።

ፔንጉዊን | ነሐሴ 4፣ ከረፋዱ 4፡10

ሲዲውን ከየት ያምጣው? 700 ሜጋባይት በ40 ሺህ ቢት ሳያቋርጥ ቢወርድ እንኳን 40 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኡቡንቱዎች ሺፕኢት በሚሉት አገልግሎታቸው ያለ ክፍያ በፖስታ ይልካሉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ማዘዙ ጥሩ ነው። ግን ግንቦት ላይ በዚሁ ዴቢያን የሠራ ነገር ነሐሴ ላይ እንቢ ካለ፣ ከርነል ከመቀየር በፊት በመሃሉ የተለወጠውን መፈለግ ይቀድማል።

ቀበና | ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውጤቱ ይኸው። ቺፑ 16550ኤ ነው፤ «ኦኢ» የሚለው ቆጣሪ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተጠቀምን በኋላም ጭራሽ ብቅ አላለም። «ደብልዩ2»ን ካስገባሁ በኋላ ግን መዝገቡ «ኮኔክት 26400» አለ። «&ቪ1» ደግሞ ከፍተኛው የመቀበያ ፍጥነት 26400፣ የመጨረሻው 16800 እንደነበር ይናገራል። ተገናኝቶ ሳለ እየወረደ ሄዷል ማለት ነው አይደል?

ፔንጉዊን | ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 3፡30

ነው። 26400 ለ2400 አሥራ አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ስለዚህ ቪ.34 ነው። ፍጥነቱ በመሃል የሚወርደው ደግሞ ሁለቱ ሞደሞች መስመሩ ሲበላሽባቸው ንግግሩን አቁመው እንደገና ስለሚለካኩ ነው። እነሱ ሲለካኩ ዳታ አያልፍም፤ ከ6000 ሚሊሴኮንድ ያለፉት ፒንጎች አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ማሽንህ ከነገሩ ነፃ ነው። አሁን ሽቦውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሃል።

የሽቦ ሰው | ነሐሴ 5፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ ቀበና፣ ዕድሜዬን በስልክ ሽቦ ላይ ነው ያሳለፍኩት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ሊኑክስ የሚያውቁት ይነግሩሃል፤ እኔ ስለ መዳቡ ልንገርህ። በጆሮ ሁለት ደቂቃ ሳያዳምጡ ሞደም መውቀስ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

ኮምፒውተሩን አጥፋና ተራ ስልክ ሰክተህ አንሳ። የመደወያው ድምፅ ይመጣል። አንድ ቁጥር ብቻ ተጫን፤ ድምፁ ይቋረጥና ጸጥ ይላል። ያኔ አዳምጥ። ንጹሕ መስመር ላይ ምንም አትሰማም። እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ዝቅ ያለ ድምፅ ከሰማህ፣ የስልኩ ሽቦ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቷል፣ ወይም ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ የሆነ ቦታ ላይ መሬት ነክቷል። ቀጭ ቀጭ የሚል፣ የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ከሆነ የላላ ወይም እርጥበት የገባበት መጋጠሚያ አለ። በክረምት የሚብሰው ይኸኛው ነው። ሰው ሲያወራ ጆሮ ችሎ ያልፈዋል፤ ሞደም ግን በአንድ ቅጭታ ብዙ ፊደል ይጠፋበታል።

ድምፅ ከሰማህ ቤቱን ከመስመሩ ለይ። ከውጭ የመጣው ሽቦ መጀመሪያ ግድግዳህን የሚነካበት ትንሽ ሳጥን አለ። ወደ ክፍሎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ እዚያው ፍታና ሞደሙን በቀጥታ ከውጭው ሽቦ ጋር አገናኝተህ ደውል። ፍጥነቱ ከጨመረ ጥፋቱ ቤትህ ውስጥ ነው፤ የሚጠገነውም በራስህ እጅ ነው። ካልጨመረ ጥፋቱ ከሳጥኑ ወዲያ ነው፤ ያን ጊዜ የሰማኸውን ድምፅ ገልጸህ አመልክት። «ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው» ብትላቸው የትኛውን ሽቦ እንደሚያዩ አያውቁም። «ቁጥር ተጭኜ ጸጥ ሲል ይጮኻል» ብትላቸው ግን ሠራተኛው የሚፈልገውን ይዞ ይመጣል።

ሌላም አለ። ከአንድ መስመር ተቀጥለው የትም ሳይደርሱ የቀሩ ሽቦዎች ካሉ አትተዋቸው፤ ጫፉ ላይ ስልክ ባይኖርም እየሄደ የሚመለሰው ምልክት ዋናውን ያደናቅፋል። ጠፍጣፋውና ያልተጠማዘዘው ርካሽ ሽቦም ለሁለት ሜትር እንጂ ለሃያ ሜትር አልተሠራም።

ስትሠራ ተጠንቀቅ። ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ሽቦው ላይ 48 ቮልት ገደማ ነው ያለው፤ ይህ ብዙም አይጎዳህም። ስልኩ ሲጠራ ግን 90 ቮልት ገደማ ተለዋዋጭ ኃይል ይመጣል። ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ደግሞ ጭራሽ አትንካው።

ሜሪላንድ | ነሐሴ 5፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ እዚህም በዲያል አፕ የሚጠቀም ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ 56 የሚባለውን ቁጥር አትጠብቅ። እዚህ በመስመር ላይ በሚላከው ኃይል ገደብ ምክንያት ከ53.3 ኪሎቢት በላይ አይፈቀድም፤ በተግባር ደግሞ ከ45 እስከ 50 ያገኘ ሰው ደስተኛ ነው። ቪ.90 የሚሠራው ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ስልክ ጣቢያህ ያለው መንገድ በሙሉ ዲጂታል ከሆነና ወደ አናሎግ አንድ ጊዜ ብቻ ከተለወጠ ነው። በመሃል ሁለት ደንበኞችን በአንድ ጥንድ ሽቦ የሚያገለግል መሣሪያ ወይም የመሥሪያ ቤት ማከፋፈያ ከገባ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ስለሚለወጥ ከ33.6 በላይ አይሆንም፤ ምንም ብታደርግ።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው እየደወለ መሆኑን የሚያሳውቅ ድምፅ መስመርህ ላይ ካለ ግንኙነቱን ይበጥሰዋል። እዚህ ከቁጥሩ በፊት ኮከብ 70 ደውለን እናጠፋዋለን። ማጥፋት ካልተቻለ «ኤስ10» የሚባለውን የሞደሙን ቅንብር ወደ 50 ከፍ አድርገው፤ ሞደሙ ምልክት ቢጠፋበትም እስከ 5 ሴኮንድ ድረስ ስልኩን ሳይዘጋ ይታገሣል።

ሽቦውን ማስተካከል ካልቻልክ ሞደሙን በ24000 እንዲገደብ አዝዘው። ሳይናወጥ የሚዘልቅ 24 ሺህ፣ በየደቂቃው ከሚለካካ 31 ሺህ ይሻላል።

የሽቦ ሰው | ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 1፡00

ያሉት እውነት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ ሽቦው ይታይ። በገደብ መጀመር በሽታውን ሸፍኖ ማቆየት ነው፤ መስከረም ላይ ደርቆ የዳነ ይመስላል፣ ሰኔ ላይ ይመለሳል።

ቀበና | ነሐሴ 6፣ ከቀኑ 10፡40

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው! እንዳሉኝ አንድ ቁጥር ተጭኜ ሳዳምጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ሳጥኑ ጋ የቤቱን ሽቦ ሁሉ ፈትቼ ሞደሙን በቀጥታ ስሰካ ጠፋ። በዚያው ደወልኩ፤ «ኮኔክት 44000»።

ከዚያ ሽቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከሳጥኑ ወጥቶ በመስኮቱ ሥር ያልፋል፤ እዚያ ጋ ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ወደ ውስጠኛው ክፍል ቅጥያ አውጥቷል። መጋጠሚያው የተሸፈነበት ጥቁር ፕላስተር ሙጫው ለቆ ተንጠልጥሏል። ስገልጠው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት እርጥብ ነበር። ከሁለቱ ሽቦዎች አንደኛው በሦስት ቀጭን ክሮች ብቻ ነው ተይዞ የቆየው፣ ሌሎቹ ተበልተዋል። ቅጥያው ደግሞ ከመብራቱ ገመድ ጋር በአንድ ምስማር ታስሮ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ግን ስልክ የለም።

ቅጥያውን ሙሉ በሙሉ አስወገድኩት። ከሳጥኑ እስከ ሞደሙ ያለውን ደግሞ በኔትወርክ ገመድ፣ ከአራቱ የተጠማዘዙ ጥንዶች አንዱን ተጠቅሜ፣ ያለ መጋጠሚያ ዘረጋሁት። አሁን 44000 ላይ ይገናኛል፤ «&ቪ1»ም ግንኙነቱ ሲያበቃ ፍጥነቱ ያው እንደነበር ያሳያል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው አንድ ሜጋባይት በሦስት ደቂቃ ከትንሽ ይወርዳል።

ሁለት ነገሮች ግን አልተፈቱም። ገጽ ስከፍት መጀመሪያ ላይ ያለው ዝምታ እንዳለ ነው። እህቴ ፎቶግራፍ ስትልክም ሁላችንም እንደ ድሮው እንቆማለን።

የሽቦ ሰው | ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 12፡30

ጎበዝ ልጄ። ሳጥኑን ስትዘጋ ሽቦው ከታች በኩል እንዲገባ አድርግ፤ ከላይ ከገባ ዝናቡ ሽቦውን ተከትሎ ይገባል።

ፔንጉዊን | ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 3፡15

እንኳን ደስ ያለህ። ዝምታው ስንት ሴኮንድ ነው? በሰዓት ለካው።

ቀበና | ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 3፡40

አምስት። ሁልጊዜ አምስት ነው ማለት ይቻላል።

ፔንጉዊን | ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 3፡55

እንግዲያውስ መስመሩም ሞደሙም አይደለም፤ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው ነው። ስም የሚፈታው የሊኑክስ ክፍል ለመጀመሪያው ሰርቨር ጥያቄ ልኮ መልስ ሲያጣ በነባሪ 5 ሴኮንድ ጠብቆ ነው ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው። ሬዞልቭ ኮንፍ የሚባለውን ፋይል ክፈት፤ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው አድራሻ የማይመልስ፣ ምናልባትም የተቀየረ የድሮ አድራሻ ሆኖ ታገኘዋለህ።

አድራሻውን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በፒፒፒ ኦፕሽንስ ፋይል ውስጥ «ዩዝፒርዲኤንኤስ» የሚለውን ጨምር፤ በተደወለ ቁጥር አገልግሎት ሰጪው የሚሰጠውን ወቅታዊ አድራሻ ይቀበላል። በተጨማሪ ጌትዌዩ ላይ ዲኤንኤስማስክን ጫንና ሦስቱም ኮምፒውተሮች ስም እሱን እንዲጠይቁ አድርግ። ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ለ64 ሜጋባይት ሜሞሪህ አይከብድም። አንድ የዜና ገጽ ከብዙ የተለያዩ ስሞች ሥዕልና ማስታወቂያ ይጠራል። እያንዳንዱ ስም በሞደም 200 ሚሊሴኮንድ ደርሶ መልስ አለው። አንድ ጊዜ የተፈታው ቤትህ ውስጥ ከተቀመጠ፣ አባትህ የጠየቀውን አንተ ስትጠይቅ መስመሩን ሳይነካ ይመለስልሃል።

ጣና | ነሐሴ 7፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሰላም ወንድም ቀበና። ባሕር ዳር ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለኝ፤ እኔም በሊኑክስ ጌትዌይ ነው የማካፍለው። የፎቶውን ነገር ከመንካትህ በፊት መስመርህ ላይ ማን ምን እየላከ እንደሆነ በዓይንህ እይ። ጌትዌዩ ላይ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳየውን አይፒትራፍን ክፈት። ማንም ምንም ሳይነካ፣ ሦስቱም ኮምፒውተሮች በርተው ብቻ ለአሥር ደቂቃ ተመልከት።

እኛ ዘንድ አንድ የዊንዶውስ ማሽን በ445 ወደብ (የኔትወርክ በር ቁጥር ነው) ወደማይታወቁ አድራሻዎች ያለማቋረጥ ሲደውል ተገኘ። ሳሰር የሚባለው ቫይረስ ይዞት ነበር። ሰልጣኙ ምንም አላየበትም፤ ማሽኑ ለሱ ጤነኛ ነበር፣ መስመሩን ግን ለብቻው ይበላው ነበር። ባለፉት ሦስት ዓመታት ብላስተርና ሳሰር ያልነኩት የዊንዶውስ ቤት ያለ አይመስለኝም። ማሽኑን ማጽዳት እንዳለ ሆኖ በአይፒቴብልስ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄዱትን 135፣ ከ137 እስከ 139 እና 445 ወደቦች ዝጋቸው። ከውጭ የሚመጣውን ግን ጌትዌዩ ቢጥለውም ሞደሙን አልፎ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ጊዜህን ወስዷል፤ ለዚያ መፍትሔ የለም።

የዊንዶውስ ማሻሻያና የጸረ ቫይረስ ማሻሻያም ሳይጠየቁ ይወርዳሉ። አታጥፋቸው፤ ማሽኖቹ ያለ እነሱ ይታመማሉ። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ በተራ እንዲወርዱ ሰዓት መድብላቸው።

ቀበና | ነሐሴ 8፣ ከምሽቱ 2፡10

የአምስቱ ሴኮንድ ዝምታ ጠፋ! የመጀመሪያው አድራሻ ጭራሽ የማይመልስ ነበር። ዲኤንኤስማስክም ሥራ ላይ ነው።

እህት ጣና፣ ምክርሽ በጣም ጠቅሞናል። ቫይረስ አላገኘሁም፤ ነገር ግን የአባቴ ኮምፒውተር ገና ሲበራ አንድ ትልቅ ማሻሻያ ለማውረድ ይጀምራል፣ ሳይጨርስ መስመሩ ሲዘጋ በሚቀጥለው ቀን ይቀጥላል። እንዳልሽው ወደ ሌሊት አዛወርኩት። ወደቦቹንም ዘግቻለሁ። የቀረው የፎቶው ጉዳይ ነው።

ፔንጉዊን | ነሐሴ 8፣ ከምሽቱ 4፡00

የፎቶው ጉዳይ የወረፋ ጉዳይ ነው። ረጋ ብለን እናስላው፤ ዲያል አፕ የሚያካፍል ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቪ.90 ወደ ታች 44 ሺህ ቢሰጥህም ወደ ላይ ከ33.6 አያልፍም፤ ያንተ 31200 ነው እንበል። አንድ ሙሉ ፓኬት 1500 ባይት ማለትም 12000 ቢት ነው። በ31200 ሲላክ ከሴኮንድ አንድ ሦስተኛ በላይ፣ 0.38 ገደማ ይወስዳል። የእህትህ ኮምፒውተር ግን ከጌትዌዩ ጋር የሚገናኘው በፈጣን ኔትወርክ ስለሆነ ፓኬቶቹ ተከታትለው ይደርሳሉ። በከርነሉ፣ በሲሪያሉና በሞደሙ ሆድ ውስጥ ስምንት ፓኬት ቢጠራቀም፣ ከኋላቸው የመጣው ፓኬት ተራው እስኪደርስ ሦስት ሴኮንድ ይጠብቃል። አባትህ ገጽ ሲያወርድ የእሱ ኮምፒውተር «ደርሶኛል» የሚል 40 ባይት ብቻ ያላት መልስ ወደ ላይ ይልካል። ያቺ ትንሽ መልስ ከስምንት ትላልቅ ፓኬቶች ኋላ ተሰልፋለች። መልሷ እስክትደርሰው ድረስ የወዲያኛው ሰርቨር ተጨማሪ አይልክም። የማውረጃው መስመር ባዶ ሆኖ ሳለ ገጹ የቆመው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ወረፋውን ከሞደሙ ሆድ አውጥቶ አንተ በምታዝዘው ቦታ ማድረግ ነው። ቲሲ በሚባለው የሊኑክስ ወረፋ መቆጣጠሪያ አማካይነት በፒፒፒ 0 (በሞደሙ ግንኙነት) ላይ ፍጥነት ገዳቢውን ኤችቲቢ አቁምና የመላኪያውን ፍጥነት ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ 28 ኪሎቢት ይበቃል። ይህን ስታደርግ ሞደሙ ሁልጊዜ ባዶ እጁን ነው፣ ወረፋው ከርነሉ ውስጥ ነው። ከዚያ ሁለት መደብ ሥራ። አንደኛው ለትናንሽ የ«ደርሶኛል» መልሶች፣ ለዲኤንኤስና ለፒንግ ቅድሚያ ይሰጣል። ሁለተኛው ለቀረው ሁሉ ሲሆን ከሥሩ ኤስኤፍኪው አድርግበት፤ አንዱ ሰው ብቻውን እንዳይወርሰው በየተራ ያሳልፋል። ከባዶ መጻፍ ከከበደህ ወንደርሼፐር የሚባለውን ስክሪፕት ወስደህ ሁለቱን የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት ቁጥሮች ብቻ ቀይር።

የፓኬቱንም መጠን ቀንሰው። ኤምቲዩ እና ኤምአርዩ (የሚላከውና የሚገባው ፓኬት ትልቁ መጠን) 576 ባይት ቢሆኑ አንዱ ፓኬት መስመሩን የሚይዘው 0.15 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ቅድሚያ ያላት መልስ ከዚያ በላይ አትጠብቅም። በአይፒቴብልስ ደግሞ «ቲሲፒኤምኤስኤስ»ን ተጠቅመህ የሚያልፉት ግንኙነቶች መጠናቸውን ከዚህ ጋር እንዲያስማሙ አድርግ፤ አለበለዚያ አንዳንድ ገጾች ተከፍተው መሃል ላይ ይቀራሉ። «ፓኬቱ ካነሰ ራስጌው (በየፓኬቱ ፊት የሚቀመጠው የአድራሻ ክፍል) አይበዛም ወይ?» የሚል ካለ፣ የቫን ጃኮብሰን የራስጌ መጭመቂያ 40 ባይቱን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሦስትና አራት ባይት ያወርደዋል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፤ ያንተ ኮምፒውተርም ሊኑክስ ከሆነ የቲሲፒ ታይምስታምፕን በሲስኮንትሮል ወደ 0 አድርገው። በየፓኬቱ የሚለዋወጥ የጊዜ ምልክት ስለሚጨምር መጭመቂያው ተሸንፎ ራስጌውን ሙሉውን ይልከዋል።

በመጨረሻም በፒፒፒ ኦፕሽንስ ፋይሉ የፒፒፒን መጭመቂያ የሚያጠፉትን «ኖዲፍሌት» እና «ኖቢኤስዲኮምፕ» የሚሉትን ጨምር። ሞደሞቹ ራሳቸው በቪ.42ቢስ እየጨመቁ ስለሆነ ፔንቲየሙ ያንኑ ደግሞ መሥራቱ ድካም ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ማንም አያሳንሰውም፤ እህትህ ከመላኳ በፊት በ640 በ480 ብታደርገው ከሁሉም ይበልጣል።

ተማሪው | ነሐሴ 9፣ ከረፋዱ 4፡30

ሞደሜ ውስጥ የሚሰካ ነው፤ ሊኑክስ ጭራሽ አያየውም። ይህን ሁሉ ማድረግ እችላለሁ?

ጣና | ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 6፡15

ወንድሜ፣ ያ ዊንሞደም ሳይሆን አይቀርም። ሥራውን ሁሉ ለፕሮሰሰሩና ለዊንዶውስ ድራይቨር የተወ ነው። የአንዳንዶቹ ቺፖች ድራይቨር ለሊኑክስ ይገኛል፤ ግን ከርነል በተለወጠ ቁጥር መልሰህ ልትደክምበት ነው። ከቻልክ በሲሪያል የሚሰካ አሮጌ ሞደም ፈልግ። ለጌትዌይ ከእሱ የተሻለ የለም፤ መብራቶቹ እንኳን ምን እየሆነ እንዳለ ይነግሩሃል።

ቀበና | ነሐሴ 11፣ ከምሽቱ 3፡05

ትናንት ማታ ሁሉንም አስገብቼ ዛሬ ፈተንኩት። እህቴ ሥዕሎቹን እየላከች፣ አባቴ ጋዜጣ እያነበበ፣ እኔ ፒንግ እያየሁ ነበር። ፒንጉ ከ250 እስከ 450 ሚሊሴኮንድ መካከል ነው የሚዋዥቀው፤ ከ6000 ያለፈው ጊዜ አልተመለሰም። አባቴ «ምን አደረግከው?» አለኝ። የሦስት ወር ደብዳቤዎቹን ሲመልስ አምሽቷል።

ጋሼ የሽቦ ሰው፣ ሳጥኑን እንዳሉት ከታች አስገብቼ ዘግቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ 44000 ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ 42666 ሆኖ አይቼዋለሁ።

የሽቦ ሰው | ነሐሴ 12፣ ከጠዋቱ 1፡20

ተመስገን። መብረቅ ሲኖር ግን ከመብራቱ በፊት የስልኩን ሽቦ ንቀል። ሞደም የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ በኩል በሚመጣው ነው።

ጣና | ነሐሴ 12፣ ከጠዋቱ 3፡45

እንኳን ደስ ያላችሁ። ያለቀውን የፒፒፒ ኦፕሽንስ ፋይልህን ብታካፍለን? በተለይ ማንም ሳይጠቀም መስመሩ እንዳይቆይ ያደረግከውን ማየት እፈልጋለሁ፤ እኛ ዘንድ ዊንዶውሶቹ በየጊዜው ስም እየጠየቁ ሳያስፈልግ ያስደውሉታል።

ቀበና | ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 2፡30

ደስ እያለኝ፣ እህት ጣና። በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፤ የሲሪያል ፍጥነት 115200፣ «ሲአርቲኤስሲቲኤስ»፣ «ሞደም»፣ «ሎክ»፣ «ኤሲንክማፕ 0»፣ «ኤምቲዩ 576»፣ «ኤምአርዩ 576»፣ «ኖዲፍሌት»፣ «ኖቢኤስዲኮምፕ»፣ «ዲፎልትራውት»፣ «ዩዝፒርዲኤንኤስ»፣ «ዲማንድ»፣ «አይድል 300»። «ዲማንድ» ሰው ሲፈልግ ብቻ እንዲደውል፣ «አይድል 300» ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ምንም ካላለፈ እንዲዘጋ ያደርገዋል።

ያለ ምክንያት የሚያስደውለው እኛም ጋ ነበር። ዲኤንኤስማስክ ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩበት፤ አንደኛው «ፊልተር ዊን 2ኬ» የሚለው ሲሆን ዊንዶውሶቹ በየጊዜው የሚልኩትን ከንቱ ጥያቄ ወደ ውጭ አያሳልፍም፤ ሁለተኛው «ዶሜይን ኒድድ» ነጥብ የሌለውን የቤት ውስጥ ስም ወደ ውጭ እንዳይጠይቅ ያግደዋል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ያለ ምክንያት ሲደውል አልሰማሁትም።

የቲሲውን ስክሪፕት ያስቀመጥኩት በኢቲሲ ማውጫ፣ በፒፒፒ ሥር፣ «አይፒ አፕ ዲ» በሚለው ውስጥ ነው። የማስኬድ ፈቃድ መስጠት አትርሺ፤ መስመሩ በተገናኘ ቁጥር ራሱ ይነሳል።